በድሬ ፀሐይ ቤት ማሞቂያ

ሙመድ የሐራጅ ደጃፍ ዳግመኛ እንደማይረግጥ በአላህ ስም ምሎ ነበር። መሐላው የጸናው እስከሚቀጥለው ሐራጅ ድረስ ነው።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ቤቱ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ነው፣ ሥራው ባጃጅ መንዳት ነው፣ ሚስቱን ኢዲልን ደግሞ ከነቁጣዋ ይወዳታል። ብቻ አንድ አመል አለበት፤ «ማን ይጨምራል?» የሚል ድምፅ ሲሰማ እጁ ሳያማክረው ይነሳል። አንድ ጊዜ ከሐራጅ ካርቶን ሙሉ ጫማ ይዞ መጥቶ ሁሉም የግራ እግር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ያመጣቸው ወፋፍራም የዝናብ ካፖርቶች ደግሞ፣ ዝናብ እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ በሚሄድበት ከተማ ማን ይልበሳቸው፣ እስካሁን የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆነው ያገለግላሉ። ኢዲል የግራ እግር ጫማዎቹን ባየች ዕለት ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች፣ ልብሷን አጣጥፋ ከተተች፣ ከበሩ ኋላ አቆመችው።

«አንድ ሐራጅ ብቻ ድገም» አለችው። «አንድ! ከዚያ ሆዮ ጋ ጀልዴሳ ነኝ። እንዳትፈልገኝ።»

ሆዮ የምትላት ጀልዴሳ፣ ገጠር የምትኖረውን እናቷን ሃሊሞን ነው። ሻንጣው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበሩ ኋላ አልተነሳም። ሙመድ ሲገባም ሲወጣም ያየዋል፤ ሻንጣውም እሱን የሚያየው ይመስለዋል።

ኢዲል በራቸው ላይ የሐብሐብና የማንጎ ጭማቂ ትሸጣለች። ጭማቂዋ እጅ ያስቆረጥማል፤ ችግሩ ሙቅ ነው። የድሬ ሰው ለቀዝቃዛ ነገር ኪሱን ይገለብጣል፣ ለብ ላለ ጭማቂ ግን ዞር ብሎም አያይ። ስለዚህ ባልና ሚስት ለፍሪጅ ማጠራቀም ጀመሩ። ብሩ የሞላ ቀን ኢዲል ለሙመድ አስቆጥራ ሰጠችውና «ቀጥ ብለህ ሱቅ፣ ቀጥ ብለህ ቤት» አለችው። ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው። ምን ያድርግ፣ መንገዱ ላይ አንድ የከሰረ አስመጪ የመጋዘኑን ዕቃ በሐራጅ ያስወጣል። ሙመድ ባጃጁን አቆመ፤ ለማየት ብቻ።

ለማየት ብቻ ገብቶ ካርቶኑን አየው። ከሰው ቁመት ጥቂት ያንሳል። ላዩ ላይ ሥዕል አለ፦ በረዶ የሸፈነው ቤት፣ በረዶ የሸፈነው ዛፍ፣ በረዶ የሸፈነው ተራራ። እስቲ ፍረዱ። በረዶ ሥሎ ካርቶን ላይ የሚለጥፍ ሰው ከቅዝቃዜ ሌላ ምን ሊሸጥ ነው? ደግሞ ሙመድ ብቻ አይደለም እንዲህ ያሰበው፤ የሥጋ ነጋዴውም፣ የሻይ ቤቱ ባለቤትም፣ በብስክሌት በረዶ የሚያዞረውም ሁሉ «ፍሪጅ ነው አቦ! የነጮቹ ፍሪጅ!» እያሉ ዋጋ ይቆልላሉ። የድሬ ሰው በረዶ ሲያይ አእምሮው አብሮ ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ የሙመድ እጅ ከሁሉም እጅ በላይ ቀረ። ካሰቡት ዋጋ በታች ስላገኘው ደስታውን አልቻለውም፤ በተረፈው ለኢዲል ሽቶ ገዛላትና ካርቶኑን በአህያ ጋሪ አስጭኖ እያፏጨ ቤቱ ገባ።

ኢዲል ካርቶኑ ላይ በጠመኔ የተጻፈውን የሐራጅ ቁጥር ስታይ ዓይኗ ወደ ሻንጣው ሄደ። የበረዶውን ሥዕል ስታይ ግን ተመለሰ።

«ክፈተው» አለች።

ከፈተው። ጥቁር ብረት ነው። ከፊቱ የመስታወት በር፣ ከላዩ ክዳን ያለው ሣጥን፣ ከኋላው ረጅም ቱቦ።

«ፍሪጅ ጥቁር ይሆናል እንዴ?»

«አዲሱ ነው።»

«መስታወቱስ?»

«ሳትከፍቺ ውስጡን እንድታዪ።»

«ይሄ ቱቦ ምንድነው?»

ሙመድ አሰበ። «ሙቀቱ የሚወጣበት ነው» አለ። እንደ እውነቱ ከሆነ ይሄኛው መልሱ ትክክል ነበር።

ካርቶኑ ውስጥ ጥቂት ከረጢቶችም አብረው መጥተዋል። ኢዲል አንዱን ቀደደችና እፍኝ ዘግና አወጣች፤ ቡናማ፣ ደረቅ፣ ጠጠር ጠጠር የሚል ነገር። «ይሄ የፍየል በጠጥ ነው» አለች። ሙመድ የማቀዝቀዣው ኬሚካል መሆኑን አስረዳት። እሷም የጭማቂ ጠርሙሶቿን በመስታወቱ በር አስገብታ ደረደረች፣ እሱም ገመዱን ሰካ። ትንሽ መብራት ብልጭ አለች፣ ውስጡ የሆነ ነገር ጓ ጓ አለ። የጎረቤት ሴቶች ብርጭቋቸውን ይዘው መጡ። ሁሉም ቁጭ ብለው ቅዝቃዜ ይጠብቃሉ። ጠበቁ፣ ጠበቁ፤ ጠርሙሱ ሲወጣ ከገባው የበለጠ ሙቅ ነው።

በዚህ መሃል ጋሽ ኒቆዲሞስ ብቅ አለ። ጋሽ ኒቆዲሞስ ከግቢው ማዶ የሚኖር የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ ፈረንሳይኛ ያነባል፣ ስላነበበም ሰው ሁሉ እንዲያውቅለት ይፈልጋል። ከካርቶኑ ሥር የወደቀችውን መመሪያ አንሥቶ መነጽሩን አጠለቀ። ገጽ ገለበጠ። ወደ ብረቱ አየ፣ ወደ ሙመድ አየ፣ ሌላ ገጽ ገለበጠ።

«ሙመዴ፣ እስቲ ቁጭ በል» አለ።

«ቁጭ ብያለሁ ጋሽ ኒቆ። ስንት ዲግሪ ያወርዳል?»

«አያወርድም። ቤት ማሞቂያ ነው።»

«ምን ማሞቂያ?»

«ቤት።»

«ቤቱን መጀመሪያ ማን አቀዘቀዘው?»

ጋሽ ኒቆዲሞስ ሥዕሉን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «እነዚህ ሰዎች ናቸው የበረደባቸው። በረዶው ችግሩ ነው እንጂ ዕቃው አይደለም። ይሄ ጠጠሩ ደግሞ ፔሌት ይባላል፤ የመጋዝ ብናኝ ጨምቀው የሠሩት ማገዶ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ትሞላዋለህ፣ ራሱ እየቆነጠረ ያነዳል። ከፈለግህ ፍልጥም ይበላል ይላል። ሁለቱንም ይበላል።»

የጎረቤት ሴቶች ብርጭቋቸውን ይዘው ውልቅ ውልቅ አሉ። ውጭ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያፈነዳዋል። ሙመድ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ኢዲል ግን አልጮኸችም፣ ሽቶውንም አልወረወረችም። ስልኳን አነሣችና «ሆዮ፣ ካሌይ» አለች፤ ነይ ማለቷ ነው። «ቅዳሜ እንጨት ስታመጪ ግመሉ ላይ ለሻንጣዬ ቦታ ተይልኝ።»

ሙመድ ያለ ጭማቂ ይኖራል፣ ያለ ፍሪጅም ኖሯል። ያለ ኢዲል ግን ቤቱ ባዶ ካርቶን ነው፤ ይህን ራሱም ያውቀዋል።

ሃሊሞ እንዲህ ያለች ሴት ናት፦ ከጀልዴሳ እንጨት በግመል ጭና ድሬ አምጥታ ትሸጣለች፤ የእንጨትን ዓይነት አሽትታ ትለያለች፣ የሰውንም ቢሆን እለያለሁ ባይ ናት። ሙመድን ገና የሽምግልናው ዕለት አሽትታው «ይሄ ቶሎ ይነዳል፣ ፍም የለውም» ብላለች። ሆኖም በመጣች ቁጥር ለልጇ አንድ ሸክም እንጨት በነጻ ትጥላለች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቁርጥማት ጉልበቷን ይዟት በዱላ ነው የምትሄደው፤ ስድቡ ግን ምርኩዝ አላስፈለገውም።

ዓርብ ሙመድና ጋሽ ኒቆዲሞስ ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር ጫታቸውን ይዘው መላ መቱ። የሙመድ ነገር አንድ ነው፦ ብረቱ የሆነ ጥቅም እንዳለው ለኢዲል ካሳየ ትቀራለች፣ ካላሳየ ግመሉ ላይ ትወጣለች።

«ላዩ ላይ ማንቆርቆሪያ ይጣዳል ይላል» አለ ጋሽ ኒቆዲሞስ መመሪያውን እያየ። «ከእንጨት ጋር ይወዳደር። ዋጋቸውን እናስላ። ፔሌቱ እዚህ አይሸጥም፤ ባሕር ተሻግሮ መምጣት አለበት። ውድ ነው። የሃሊሞ እንጨት ደግሞ ስንት ነው?»

«በነጻ።»

«በነጻ ከሆነ ምኑን አወዳድረዋለሁ ሙመዴ? አለቀ እኮ።»

«የለም፣ የለም!» ሙመድ ጫቱን አስቀመጠ። «እንዴት በነጻ ይሆናል? ፍለጣው የኔ ወገብ ነው። ጭሱ የኢዲል ዓይን ነው። አመዱን የሚጠርግ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንጨቱ ጋር የሚመጣልኝን ስድብስ? እሱን በምን ትመዝነዋለህ?»

ጋሽ ኒቆዲሞስ ስድብ በምን እንደሚመዘን መመሪያው ውስጥ ፈለገ፤ አልተጻፈም። እንግዲያው ይፈተን ተባለ፤ እኩል ውኃ፣ እኩል ማንቆርቆሪያ፣ አንዱ በሃሊሞ እንጨት ግቢ ውስጥ ጉልቻ ላይ፣ አንዱ በፔሌት ቤት ውስጥ ብረቱ ላይ። ሰዓቱም ተወሰነ፦ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ። ሁለት የድሬ ልጆች ከምሳ በኋላ ሥራ ይጀመራል ብለው መወሰናቸው ራሱ የምርቃናውን ደረጃ ያሳያል።

ቅዳሜ ሃሊሞ ደረሰች። ግመሎቿን ደጅ አስተኝታ፣ ዱላዋን እያንኳኳች ገብታ ብረቱን ዙሪያውን አየችው፣ ከከረጢቱም እፍኝ አንሥታ አሸተተች።

«ይሄ ምንድነው?»

«እንጨት ነው ሆዮ፤ ካንቺ እንጨት ጋር ልንፈትነው ነው» አለ ሙመድ።

«የምን እንጨት? እንጨት ቅርፊት አለው፣ እንጨት ስም አለው። ይሄ ማን ይባላል? ግራር ነው? ወይራ ነው?» መልሳ በተነችው። «የኔን እንጨት ከበጠጥ ጋር ልታወዳድር ነው? ኢዲል! ሻንጣሽን አምጪ!»

«ይፈተን ሆዮ። ካሸነፍሽ ትወስጃታለሽ።»

ሃሊሞ ፉክክር አይታ አታልፍም፤ ልጇም ሐራጅ አይቶ የማያልፍ ባል ያገባችው ከማን አይታ ይሆን? የእንጨቱን እሳት ራሷ አነደደች፣ ማገዶ መጨመሩን ለኢዲል አደራ ሰጠች። እሷ ግን ቤት ውስጥ ገብታ ከብረቱ ፊት ቁጭ አለች። «ኤሌክትሪክ ተሰክቷል። በኤሌክትሪክ አፍልቶ በፔሌት አፈላሁ ቢለኝስ? እዚሁ ሆኜ እጠብቀዋለሁ» አለች። ቱቦው በመስኮት ወጥቷል፣ የተረፈው ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፏል። ሣጥኑ ተሞላ፣ እሳቱ በመስታወቱ ውስጥ ቦግ አለ። ክፍሉ ወዲያው እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ሆነ። ሙመድና ጋሽ ኒቆዲሞስ እየተጋፉ ወጡ፤ በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በድሬ ከምሳ በኋላ የሚሆነው ነው። ሙመድ ከኒሙ ሥር «አንተ እያየኸው ነው አይደል?» ብሎ ጋደም አለ። ጋሽ ኒቆዲሞስም «አንተ ካየኸው» ብሎ ስለ ድሮው ባቡር ወሬ ጀመረ። ኢዲል ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ኩርፊያዋን ይዛለች፤ እንጨት ጨምሪ የተባለችውን ጨርሳ ረስታዋለች። የእንጨቱ እሳት ጥቂት ጨሰ፣ ጥቂት አዛጋ፣ አሸለበ።

ያልተኙት ፍየሎቹ ብቻ ነበሩ። የመጋላ ፍየል ካርቶን ምሳዋ፣ ፌስታል መክሰሷ ነው። ግቢው ውስጥ ከግድግዳው ሥር የተደረደሩትን የፔሌት ከረጢቶች አገኙና ሰፈሩን ሁሉ ጠሩ።

ሙመድን የቀሰቀሰው የመቆርጠም ድምፅ ነው። ዓይኑን ሲገልጥ አንዲት ነጭ ፍየል ፊቱ ቆማ ፔሌት ታኝካለች። ብድግ ሲል ከረጢቶቹ ባዶ ናቸው። ጉልቻው ጋ ሮጠ፤ እሳቱ ጠፍቷል፣ ውኃው የሕፃን ገላ አያጥብም። ከዚያ ወደ ተዘጋው በር ዞረ።

«ሆዮስ?» አለ።

ኢዲል ከሻንጣዋ ላይ ተነሣች። «አልወጣችም እንዴ?»

«አንቺ ጋ አይደለችም?»

ከውስጥ ድምፅ የለም። ሐራጅ ላይ የግራ ጫማ መግዛት አንድ ነገር ነው፤ አማትን በቁም ጠብሶ መግደል ግን ሽማግሌም አይጨርሰው። ኢዲል «ሆዮ!» ብላ ጮኸች፣ ጋሽ ኒቆዲሞስ አማተበ፣ ሙመድ በሩን በትከሻው በረገደው። ሙቀቱ እንደ በሬ ገፍቶ መለሳቸው። ማንቆርቆሪያው ውኃውን ጨርሶ ደርቋል። ሃሊሞ ምንጣፉ ላይ እግሯን ወደ መስታወቱ ዘርግታ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ላብ አጥምቋት ተጋድማለች። አትንቀሳቀስም።

ከዚያ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«በሩን ዝጉት፤ ሙቀቱ ይወጣል» አለች።

ድሬ ከተቆረቆረች ጀምሮ ይህን የተናገረ ሰው ስለመኖሩ ጋሽ ኒቆዲሞስ እስከ ዛሬ ይጠራጠራል።

ሃሊሞ ተነሣች። ዱላዋን ሳትይዝ ተነሣች። አንድ ጉልበቷን አጠፈች፣ ሌላውን አጠፈች፣ እንደ ልጅ ቁጢጥ ብድግ አለች። «ወላሂ ለቀቀኝ» አለች፣ ድምፅዋም ራራ። «ስንት ዓመት የያዘኝ። ሐኪም ቤት ሄጄ፣ ቅባት ቀብቼ፣ ግመል ወተት ጠጥቼ...» ወደ ሙመድ ዞረች። ሙመድ ስድብ ለመቀበል አንገቱን ሰበረ። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ለኔ ብለህ ነው ያመጣኸው?»

ሙመድ አፉን ከፈተ። እውነቱን ሊናገር ነበር፤ ወላሂ ሊናገር ነበር። ኢዲል ግን ክርኗን ጎኑ ላይ ሰካችበት።

«አዎ ሆዮ» አለ።

በዚህ ጊዜ እሳቱ ቦዝ ቦዝ ማለት ጀመረ። «ጨምርበት እንጂ!» አለች ሃሊሞ። ፔሌቱን ፍየሎች እንደጨረሱት፣ ሌላ ማስመጣት ደግሞ ባሕር መሻገር እንደሆነ ጋሽ ኒቆዲሞስ ሲያስረዳት እስኪጨርስ አልጠበቀችውም። ወጥታ ከራሷ ሸክም ደህናውን ፍልጥ መርጣ አመጣችና በመስታወቱ በር ከተተች። ብረቱ ያለ ማንገራገር በላ። እሷም መልሳ ተጋደመች።

ኢዲል ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ኩርፊያዋ ገና አልለቀቃትም። «ሆዮ፣ አንሄድም? ግመሎቹ ቆመዋል።»

«የት?»

«ጀልዴሳ ነዋ።»

«ጀልዴሳ ማሞቂያ አለ?» አለች ሃሊሞ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ያንን ሻንጣ ባዶ አድርጊና የኔን ልብስ ክተቺበት። ግመሎቹን ወንድምሽ ያመላልሳቸዋል።»

ወሬ በመጋላ እግር አያስፈልገው። በሳምንቱ ጉልበቷን የሚያማት ሁሉ በሩ ላይ ተሰለፈች። ሃሊሞ የሙቀቱ አለቃ ሆነች፤ ማን ጉልበቷን፣ ማን ወገቧን ታሙቅ እያለች ትደለድላለች። ሴቶቹ ቀልጠው፣ ምላሳቸው ከላንቃቸው ተጣብቆ ሲወጡ ኢዲል ደጃፉ ላይ የማንጎ ጭማቂዋን ይዛ ትጠብቃቸዋለች። ለብ ያለ ነው ብሎ ያማረረ የለም፤ ከዚያ ክፍል ለወጣ ሰው ምኑም ቀዝቃዛ ነው። ኢዲል ይህን ስታይ መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ ብዙም ሳይቆይ ፍሪጅ ገዛች። ከሱቅ ነው የገዛችው። ሙመድ ካርቶኑ ላይ ብርቱካን ተሥሎ ስላየ ካልተከፈተልኝ ብሎ ሱቁ ውስጥ አስከፍቷል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኒቆዲሞስ ያ ስሌት አላስተኛው ብሎ መጣ። ሙመድ መጥረቢያውን ደግፎ ላቡን ይጠርጋል። «እንግዲህ ንገረኝ» አለው፤ «የቱ ረከሰ?»

«ፔሌቱ ውድ ነው ጋሽ ኒቆ፤ ግን ዋጋው ከከረጢቱ ጋር ያልቃል» አለ ሙመድ። «እንጨቱ በነጻ ነው፤ ግን ከነባለቤቱ ነው የሚመጣው።»

ኢዲል ከፍሪጁ አጠገብ ሆና ሰማችው። ቀዝቃዛ ብርጭቆ ይዛ መጣችና ጉንጩ ላይ ለጠፈችበት። «አሁን ሐራጅ ብትሄድ ምን አባቴ እላለሁ?» አለችው ቀስ ብላ። «ሆዮ ጋ እሄዳለሁ እንዳልል ሆዮ እዚህ ናት። ሻንጣዬንም ወስዳብኛለች።»

ሙመድ ከበሩ ኋላ አየ። እውነት ነው፤ ቦታው ባዶ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ በዚያ በር ሲያልፍ ማንም አያየውም። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

«ሙመድ!» አለች ሃሊሞ ከውስጥ። «እሳቱ ደከመ! እንጨት!»

«መጣሁ ሆዮ!» አለና ጭማቂውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ መጥረቢያውን አነሣ።